የሐሙስ ሟች

የኢስሜንያ ታፒያ ባል ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ቁርሱን ግን ዛሬም አስደግሞ በልቷል።

«ቅቤ አልቋል እንዴ?» አለ ኖልቤርቶ፣ ዳቦውን ገልብጦ እያየ።

«ሐሙስ ነው። ቶሎ ብላና ተደበቅ» አለችው።

መስታወት ፊት ቆማ ጥቁር ሻሿን እያሰረች ነበር። ሻሹም፣ ሹራቡም፣ ቀሚሱም ከቀጠራት ድርጅት መጋዘን የተሰጧት ናቸው። ሹራቡ ክርኑ ላይ ተጥፏል። ሲመጣም ተጥፎ ነው የመጣው።

ኖልቤርቶ የቀረችውን ዳቦ በኪሱ ከትቶ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ በጓሮ በር ወጣ። በጓሮው መንገድ ላይ የጎረቤት ልጆች «ደህና አደሩ ሟቹ» አሉት። «ደህና አደራችሁ» አላቸውና ድሮ ዓሣ በጭስ ይደርቅበት ወደነበረው የእንጨት ቤት ገብቶ መዝጊያውን ሳበ። በሳንቃዎቹ መሃል አንዲት ክፍተት አለች። በእሷ በኩል ባሕሩ፣ አሸዋውና ሚስቱ የምትቆምበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

ረፋዱ ላይ በገመድ የሚንሸራተቱት ፉርጎዎች ከበረሃው አፋፍ ቁልቁል ወረዱ። ጎብኚዎቹ አሸዋው ላይ ረገጡና እንደተነገራቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የጀልባው አለቃ ዶን ሴጉንዶ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። የባሕር ወፎቹ በሰዓታቸው ተለቀቁ። ኢስሜንያ ድንጋዩ ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ አዞረችና አለቀሰች።

«ትንሽ ወደ ግራ፣ ዶኛ ኢስሜንያ» አለ ጆሮዋ ውስጥ ካለችው ማዳመጫ የሚመጣው ድምፅ። «ፀሐይዋ እንባዎን አላገኘችውም።»

ወደ ግራ ዞር አለች። ፀሐይዋ አገኘችው። ከጎብኚዎቹ አንዲቱ መሀረብ አወጣች።

ፑንታ ሞሌ በሰሜን ቺሊ፣ በረሃውና ውቅያኖሱ ፊት ለፊት በሚፋጠጡበት ጠረፍ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። የኢስሜንያ ቅድመ አያቶች ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ወላጆቿ ዓሣ እየፈጨ የከብት መኖ በሚያደርግ ፋብሪካ ሠርተዋል፤ ሽታው ከልብሳቸው አልፎ ፎቷቸው ውስጥ የገባ ይመስል ነበር። ከዚያ ባሕሩ ሞቀና ዓሣው ወደ ደቡብ ሄደ። ቀጥሎ የባሕሩን ውሃ ወደ ተራራ ማዕድን ማውጫዎች የሚወስዱ ቧንቧዎች መጡ፤ የመንደሩም ወንዶች የቧንቧ ጠባቂ ሆኑ። ጥቂት ቆይቶ ቧንቧዎቹ ራሳቸውን መጠበቅ ቻሉ።

ያኔ ነው በመሃል አገር ከተሞች የሚኖሩት፣ ዓሣቸው ፎቅ ላይ በገንዳ የሚረባላቸው ሰዎች፣ አይተውት የማያውቁት ባሕር ይናፍቃቸው የጀመረው። ድርጅቱ መጣና የፑንታ ሞሌን ሕዝብ ሰብስቦ ድሮ የነበረውን እንዲሆን ጠየቀው። ሕዝቡም ተስማማ። ችግሩ ድሮ ምን እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው መጥፋቱ ነበር። ስለዚህ ከዋና ከተማ አስተማሪ ተላከላቸው፤ አያቶቻቸው እንዴት ይሳደቡ እንደነበር አንድ ክረምት ሙሉ አስተማረቻቸው። ዓሣው ከተራራ ኩሬ በመኪና እየመጣ ጎህ ሳይቀድ መረብ ውስጥ ይገባል። አጥማጆቹ ጠዋት መረቡን ሲጎትቱ ይደነቃሉ። መደነቁ የሥራ ውላቸው ላይ አለ።

የሥራ ድርሻው የተከፋፈለው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። ሴጉንዶ ጺማቸው ታይቶ አለቃ ተባሉ። ኖልቤርቶ ቀዛፊ ሊሆን ነበር፤ ግን ጀልባው ገና በገመድ እንደታሰረ አስመለሰው። በማግስቱም ሞከሩት፣ አስመለሰው። የድርጅቱ ሰው ሸሚዙን እየጠረገ «ይህስ ከባሕር ያልተመለሰ ሰው ቢሆን ይሻለዋል» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ራሱ ኖልቤርቶ ነበር። በሳምንቱ ገደሉ ላይ ስሙ የተጻፈበት መስቀል ተተከለለት። ፎቶውም በኩባያ ላይ ታትሞ መሸጥ ጀመረ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተመችተውት ነበር። ሙት ሰው እንጨት ፍለጥ፣ ስብሰባ ና አይባልም። እየቆየ ግን ነገሩ ይከብደው ጀመር። ጎብኚ ባለበት ሰዓት በፊት ለፊቱ መንገድ ማለፍ አይችልም። የቅዱስ ጴጥሮስን በዓል፣ ጀልባዎቹ በአበባ አጊጠው ሲወጡ፣ በየዓመቱ በሳንቃ ክፍተት ነው የሚያየው። ፊቱ ጓዳ ውስጥ እንደተረሳ ድንች ነጥቷል። አንድ ቀን ኢስሜንያ ከሥራ ስትመለስ እግሮቹን ብቻ በመስኮት አውጥቶ ፀሐይ ሲያሞቅ አገኘችው።

«ሰው ቢያይህስ?»

«እግሬን ማን ያውቀዋል?» አለ። ትንሽ ቆየና፣ «ኩባያው ላይ የለም» ሲል ጨመረ።

ዶን ክሌሜንቴ ወደ ሕይወታቸው የገቡት ያን ጊዜ ነው።

በረሃው ውስጥ ካለችው ከካላማ ከተማ የሚመጡ፣ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ነበሩ። መጀመሪያ ከሌሎቹ ጎብኚዎች ጋር መጡ። ልቅሶው አልቆ ሌሎቹ ዓሣ ሾርባ ወደሚሸጥበት ሲሄዱ እሳቸው ቀሩና ወደ ኢስሜንያ ጠጋ አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሲያለቅሱ ጥርስዎን ይነክሳሉ። በግራ በኩል ያለው መንጋጋ አይችለውም፤ ይሰነጠቃል።»

አሥራ አንድ ዓመት ስታለቅስ ካዩዋት ሰዎች መሃል እውነተኛ ነገር የነገራት እሳቸው የመጀመሪያው ነበሩ። ጥርሷም እውነት ታማት ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስም መጡ፣ በሌላውም። ገደሉ ላይ ወጥተው ለኖልቤርቶ መስቀል አበባ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ወርደው አግዳሚው ወንበር ላይ አጠገቧ ይቀመጣሉ። የመጨረሻው ፉርጎ እስኪሄድ ድረስ ከድርሻ መውጣት አይፈቀድምና ኢስሜንያ የምታዳምጣቸው እንደ ባሏ የሞተባት ሴት ሆና ነው። እሳቸው ስለ ሚስታቸው ስለ ኤልያና ያወሯታል። ሆስፒታል ተኝታ ስለ አልጋው አንሶላ ታጉረመርም እንደነበር፣ የመጨረሻ ቃሏም ስለ ቤቱ ቁልፍ እንደነበር።

«ከሞተች ወዲህ አንድ ጠብታ አላለቀስኩም» አሏት አንድ ቀን። «እንደ ድንጋይ ሆንኩ። እርስዎ ግን ይኸው ስንት ዓመት፣ አልደረቀልዎትም። እንዴት ነው የሚያደርጉት?»

«ልማድ ነው» አለች ኢስሜንያ። ውሸት አልነበረም፤ ግን ቤቷ ስትገባ ራት አልበላላት አለ።

በጉብኝቱ ወቅት ማብቂያ ገደማ፣ እዚያው ወንበር ላይ፣ ክሌሜንቴ ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ዶኛ ኢስሜንያ፣ ባሕሩ ባልዎን አይመልስም። እኔም የሄደችውን አልመልስም። ካላማ ውስጥ ቤት አለኝ፤ አንደኛው ክፍል ሰው የለበትም። ፈቃድዎ ከሆነ፣ ብንጋባ።»

ጆሮዋ ውስጥ ያለው ድምፅ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ብሎ ተሰማት፦ «እሺ አይበሏቸው። እምቢም አይበሏቸው። የሚቀጥለው ሐሙስ ይመለሱ ይበሏቸው።»

«የሚቀጥለው ሐሙስ ይመለሱ» አለች። አፏ ታዘዘ፤ ፊቷ ግን በኀፍረት ጋለ። ሽማግሌው ቅላቱን ሌላ ነገር መስሏቸው ደስ ብሏቸው ሄዱ።

የጆሮዋ ድምፅ ባለቤት ያስና ትባላለች። የመንደሩ ትርኢት ኃላፊ፣ ምሳዋን ቆማ የምትበላ፣ ክፋት የሌለባት ወጣት ናት። ኢስሜንያን ቢሮ አስገብታ በሩን ዘጋች።

«ሠርግ እናደርጋለን» አለች። «መበለቷ ከሐዘን ወጥታ ታገባለች። ወቅቱ ሲከፈት። ሰው ከየአገሩ ይመጣል።»

«ልጄ፣ እኔ ባል አለኝ።»

«በሥራ ሰዓት የለዎትም» አለች ያስና በትህትና። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዶኛ ኢስሜንያ፣ በደቡብ ያለው የድርጅቱ ሌላ መንደር ዓሣ ነባሪ አግኝቷል።»

«እውነተኛ?»

«ማን ይጠይቃል? ዋናው መሥሪያ ቤት ከሁለታችን አንዱን ይዘጋል። ሐሙስ ሊያዩን ይመጣሉ። እዚህ የሚኖረው ሰው ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ እኔ አላውቅም።»

ወሬው ከኢስሜንያ ቀድሞ ቤቷ ደርሶ ነበር። ዶን ሴጉንዶ ወጥ ቤት ተቀምጠው ጠበቋት። ባልና ሚስቱ የእሳቸውን ልጅ ክርስትና ስላነሱላቸው እርስ በርስ አበልጅ ነው የሚባባሉት።

«አበልጄ፣ አግቢው እባክሽ። ለአንድ ወቅት ነው። ምን ይጎድልብሻል?»

«እኔ እዚህ ተቀምጬ ነው ይህን የሚሉት?» አለ ኖልቤርቶ።

«አንተ ሟች ነህ፣ አታቋርጥ» አሉት ሴጉንዶ። ቀልዳቸውን አልነበረም። ጺማቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «ይቺ መንደር ከተዘጋች እኔ በዚህ ዕድሜዬ የት ሄጄ ነው አለቃ የምሆነው?» አሉና ተነሥተው ወጡ።

ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ቀሩ። ከመስኮቱ ውጭ ፀሐይዋ ባሕሩ ላይ እየተቀመጠች ነበር፤ ኖልቤርቶ ወደ ውጭ መውጣት የሚፈቀድለት ሰዓት ሊደርስ ነው። አልተነሣም።

«ሐሙስ ሐሙስ ስታለቅሺ ስለምን ታስቢያለሽ?» አላት።

ጠይቋት አያውቅም። ኢስሜንያ ሻሿን ፈታ ጉልበቷ ላይ አጠፈችው።

«መጀመሪያ ሽንኩርት እይዝ ነበር። ኋላ ስለ ጫማዬ፣ ስለ ጀርባዬ ሕመም እያሰብኩ አለቀስኩ። አላዋጣም። አሁን እውነት ሞተህ እንደሆነ ነው የማስበው።»

«ይሠራል?»

«አንተ ሲያስነጥስህ ከእንጨቱ ቤት ውስጥ ካልሰማሁህ በቀር ይሠራል።»

ኖልቤርቶ እጁን ዘርግቶ ሻሹን ወሰደና እሱም መልሶ አጠፈው፤ ምን እንደሚያደርግበት ግን አላወቀም።

«እኔ እኮ እሰማሻለሁ» አለ። «በሕይወት እያለ ሚስቱ ስታለቅስለት የሚሰማ ሰው የለም። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽሽም። ያ ሽማግሌ ግን መስቀሌ ላይ አበባ ሲያስቀምጥ ሳየው፣ ተነሥቼ ማረኝ ልለው ይቃጣኛል።»

«እንንገረው» አለች ኢስሜንያ።

«ውሉስ?»

«ለእሱ ብቻ እንንገረው አልኩህ እኮ።»

ማክሰኞ ፑንታ ሞሌ ዝግ ናት፤ ሰዉ የሥራ ልብሱን አውልቆ የራሱን የሚለብስበት ቀን ነው። ክሌሜንቴ የተላከላቸውን ጥሪ የምሥራች አድርገው ወስደውት በእጃቸው የሠሩትን የበለስ ማርማላታ ይዘው መጡ። ኢስሜንያ በሩን ስትከፍት ሮዝ ካናቴራ ለብሳ ስላዩዋት ፈገግ አሉ። ከኋላዋ አንድ ሰው ድንች እየላጠ ነበር። ፊቱን አወቁት። ቤታቸው ያ ፊት በታተመበት ኩባያ ሻይ ይጠጣሉ።

«ዶን ክሌሜንቴ፣ ባለቤቴ ነው» አለች።

ኖልቤርቶ ተነሥቶ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ኖልቤርቶ እባላለሁ። ስለ አበባው አመሰግናለሁ።»

ሽማግሌው የተዘረጋላቸውን እጅ ጨበጡት። ጨብጠውም አልለቀቁትም፤ ሙቀቱን የሚመረምሩ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ታዲያ ሁሉም?» አሉ።

«ሁሉም ሥራ ነው» አለች ኢስሜንያ። «ዓሣውም፣ ስድቡም፣ ሰውም። እርስዎ ያወቁ መስሎኝ ነበር መጀመሪያ። ሌሎቹ ያውቃሉ፤ አውቀው ነው የሚያለቅሱት።»

«እኔ አላወቅኩም።»

«አዎ። እሱ ነው የከበደኝ።»

«ስለ ኤልያና የነገርኩዎትስ? ስለ ቁልፉ፣ ስለ አንሶላው? እሱንም የሰማችው ተቀጣሪዋ ናት?»

«እሱን የሰማሁት እኔ ነኝ» አለች ኢስሜንያ። «ቤቴ መጥቼ ለእሱ ነገርኩት። ይጠይቁት።»

«አንሶላው ይኮሰኩሳት ነበር» አለ ኖልቤርቶ። «ነርሷን ሦስት ጊዜ አስለወጠቻት።»

የክሌሜንቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። የሚስቁ መሰሉ፤ አልሳቁም። ተነሡ፣ ኮታቸውን ቆለፉና ወጡ። ማርማላታውን ጠረጴዛው ላይ ትተውት ሄዱ።

ሐሙስ መጣ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላኩት ሰዎች በተራ ጎብኚ መሃል ቆመው ነበር፤ አዲስ ጫማ ስላደረጉ ሁሉም አውቋቸዋል። ክሌሜንቴ የሉም። ኢስሜንያ ድንጋዩ ላይ ወጣች፣ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች፣ ኖልቤርቶ እንደሞተ አሰበች። ወዲያው ድንች ሲልጥ ታያት። እንባው እምቢ አለ።

«ዶኛ ኢስሜንያ?» አለ ጆሮዋ።

ሞከረች። የሽማግሌውን የተቆለፈ ኮት አሰበች፤ እሱ ደግሞ የሚያስለቅስ አልነበረም፣ የሚያሳፍር ነበር እንጂ። ወፎቹ ተለቀው፣ ዞረው፣ የሚሠሩት አጥተው መሬት አረፉ።

«ቢያንስ ትከሻዎን ያንቀጥቅጡ። እባክዎ።»

ትከሻዋም አልታዘዝ አላት። ጎብኚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ አስነጠሰ፤ ከአዲስ ጫማዎቹ አንዱ ሰዓቱን አየ። ሴጉንዶ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ያኔ የእንጨቱ ቤት መዝጊያ ሲጥጥ አለ።

ኖልቤርቶ በነጠላ ጫማ፣ በቤት ሹራቡ፣ ፀሐይዋ እያጭበረበረችው፣ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ አሸዋውን ማቋረጥ ጀመረ። መጀመሪያ ያየችው የኩባያ ሻጯ ናት፤ የያዘችው ኩባያ ከእጇ አመለጠ። ከዚያ ጎብኚዎቹ አዩት። አንዱ መስቀሉን አሻቅቦ አየ፣ ሰውየውን አየ፣ መልሶ መስቀሉን አየ። ኖልቤርቶ ድንጋዩ ሥር ሲደርስ ምን እንደሚል አስቦ አልመጣም ነበር።

«ተመለስኩ» አለ። ከሱቅ የተመለሰ ነበር የሚመስለው።

«ልብሱ ደረቅ ነው» አለች ከጎብኚዎቹ መሃል አንዲት ልጅ። እናቷ ዝም አሰኘቻት።

ሴጉንዶ ለአሥራ አንድ ዓመት ለሐዘን ባርኔጣ ማውለቅ ነው የተለማመዱት። ለደስታ ምን እንደሚደረግ የነገራቸው የለም። ግራ ገብቷቸው ባርኔጣውን መልሰው ደፉት።

ኢስሜንያ ከድንጋዩ ወረደች። «ለምን ወጣህ?» አለችው በሹክሹክታ።

«ብቻሽን ስትቆሚ አላስቻለኝም።»

«አሥራ አንድ ዓመት ብቻዬን ነው የቆምኩት።»

«ያኔ ታለቅሺ ነበራ። ሥራ ላይ ነሽ ብዬ ነው።»

ሳቋ መጣ፤ ልትይዘው ስትል እንባዋን ይዞ መጣ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ወጡ። አገጯን ትከሻው ላይ ጣለች። ፀሐይ የሞቀው ሹራብ ሸተታት፤ ባሏ በቀን እንዲህ እንደሚሸት ረስታው ነበር። ከኋላዋ አሸዋው ላይ ያለው ሕዝብ በጠቅላላ ያለቅሳል፣ ያጨበጭባል። ባለ አዲስ ጫማዎቹም ጭምር። ያስና በጆሮዋ አንድም ቃል አልተናገረችም።

በማግስቱ ግን ተናገረች። ድርጅቱ በጣም ረክቷል፣ ሠርጉ ይቅርና ኖልቤርቶ በየሳምንቱ ሐሙስ ይመለስ ተባለ። በሁለተኛው ሐሙስ እውነት እንዲመስል ባሕር ውስጥ ነከሩትና ወጣ። በሦስተኛው ጉንፋን ይዞት እያስነጠሰ ተመለሰ፤ ካለፈው ሳምንት ተደግመው የመጡ ጎብኚዎችም «ይሄ ሰውዬ ስንት ጊዜ ነው የሚጠፋው?» ብለው አጉረመረሙ። በአራተኛው አጨብጫቢው ጥቂት ነበር።

«ደስታው በሁለተኛው ሳምንት ይጠወልጋል» አለች ያስና፣ ጭንቅላቷን ይዛ። «ሐዘኑ ስንት ዓመት ሠርቶልን ነበር።»

ለባልና ሚስቱ ሌላ ድርሻ ተሰጣቸው፤ በመስኮት ልብስ እያሰጡ የሚጨቃጨቁ ጥንዶች ሆኑ። ልምምድ አላስፈለጋቸውም። ኖልቤርቶ በጠራራ ፀሐይ መስኮት ላይ ተደግፎ ሚስቱ ካልሲውን አሳስታ እንዳሰጣች ለመንገደኛ ሁሉ ሲያስረዳ ይውላል፤ ፊቱም ቀስ በቀስ መልክ ያዘ። ጠፍጣፋው ድንጋይ ግን ባዶውን ቀረ። ጎብኚው ሳሳ። በደቡብ ያለው ዓሣ ነባሪ በቀን ሁለት ጊዜ ይዘላል ተባለ።

ከዕለታት አንድ ሐሙስ፣ ጥቂት ጎብኚዎች አሸዋው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ፣ ኮት የለበሱ አንድ ሽማግሌ በመሃላቸው አልፈው ድንጋዩ ላይ ወጡ።

«መስኮቱ ጋ ያላችሁት» አለ የኢስሜንያ ጆሮ፣ «ማነው እሱ? ድርሻ የለውም።»

«ዶን ክሌሜንቴ ናቸው። ተያቸው፣ ያስና።»

«ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

ኢስሜንያ የያዘችውን እርጥብ ሸሚዝ ተወችና ጆሮዋን አቀናች። ንፋሱ ወደ እሷ ነበር። «ከሚስታቸው ጋር።»

«እዚህ ባሕር ነው የሞተችው?»

«ሆስፒታል ነው።»

ክሌሜንቴ አላለቀሱም። ለባሕሩ ወሬ እየነገሩት ነበር። የወጥ ቤቱ ቧንቧ መልሶ ማንጠባጠብ ጀምሯል፣ ኤልያና። የጎረቤት ውሻ አሁንም በራችን ላይ ነው የሚተኛው። ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ ብሏል። ደግሞ ስሚ፣ በዚህ ዕድሜዬ አንድ ጅልነት ሠራሁ፤ ባሏ በሕይወት ያለ ሴት አግቢኝ አልኩ። ባሏ ድንች ይልጣል። ብታዪኝ ኖሮ ሳቅ ይገድልሽ ነበር፤ እንደዚያ እንደምትስቂው፣ ጠረጴዛውን እየመታሽ። እዚህ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። ሳይለማመድበት የሚያለቅስ ሰው ለቅሶ ነበር፤ አፍንጫቸው ፈሰሰ፣ መሀረባቸውን በተሳሳተ ኪስ ፈለጉ፣ ትከሻቸው አላምር አለ። ካሜራ ያነሣ የለም።

ኢስሜንያ ከመስኮቱ ወርዳ በመንገዱ ሮጠች። በሥራ ሰዓት ድርሻ ጥሎ መሄድ ክልክል ነው፤ ኖልቤርቶም ተከተላት። ከድንጋዩ ሲወርዱ ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

«አለቀስኩ» አሏት፣ እንደ መርዶም እንደ ብሥራትም አድርገው።

«አየሁ። ጥርስዎን አልነከሱም።»

«ድንች ቀቅለናል» አለ ኖልቤርቶ። ሽማግሌው አዩት። «ማርማላታውን ግን ጨርሰነዋል፤ ይቅርታ።»

ክሌሜንቴ አፍንጫቸውን ጠረጉና፣ «ስኳር በዝቶበት ነበር» አሉ። ወደ ቤታቸው ይዘዋቸው ሊሄዱ ሲሉ ከጎብኚዎቹ አንዲት አሮጊት የኢስሜንያን እጅጌ ሳበች።

«ይቅርታ፣ እኔም መውጣት እችላለሁ? ወንድሜን የምነግረው ነገር ነበረኝ።»

«የሥራ ድርሻ አይደለም፣ እማማ» አለች ኢስሜንያ።

«አውቃለሁ» አለች አሮጊቷ፤ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ድንጋዩ ላይ ወጣች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሰባት ሰዎች መጡ፤ በሌላው ፉርጎዎቹ ሞሉ። የሚያዩት ትርኢት የለም፤ ሰው ተሰልፎ ተራው ሲደርስ ድንጋዩ ላይ ይወጣል፣ ባሕሩን ያወራዋል፣ ይወርዳል። ያስና መጀመሪያ የሰልፍ ገመድ ዘረጋች፣ ምልክት አቆመች፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት ምን ብላ እንደምታስረዳ ስትጨነቅ ሰነበተች። አንድ ቀን ምሳዋን እንደያዘች በሰልፉ መጨረሻ ቆማ ታየች፤ ማንም አልጠየቃትም። ፑንታ ሞሌ አልተዘጋችም። ዶን ሴጉንዶ አለቃ እንደሆኑ ቀሩ፤ ሥራቸው አሁን አዛውንቶችን ደግፎ ድንጋዩ ላይ ማውጣት ነው። ክሌሜንቴ የካላማውን ቤት አከራይተው መጡና ማክሰኞ ማክሰኞ የመንደሩን ሰው ጥርስ ማከም ጀመሩ። የመጀመሪያዋ ታካሚ ኢስሜንያ ነበረች፤ የግራ መንጋጋዋ ሳይነቀል ተረፈ።

አንድ ሐሙስ ኢስሜንያ ልብሱን ቶሎ ቶሎ አስጥታ ጨረሰችና የራሷን ካናቴራ ለብሳ ሰልፉ ውስጥ ገባች።

«አንቺ ማንን ልታወሪ ነው?» አላት ኖልቤርቶ፣ አብሯት እየቆመ።

«እናቴን።»

ኖልቤርቶ ኮፍያውን ከፍ አደረገና ዝቅ አደረገ። አማቱ የሞተችው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። በመጨረሻው ዓመቷ ነገር ይጠፋባት ነበር። ገደሉ ላይ ያለውን መስቀል አየች፤ እውነት መሰላት። በየማታው እሱ ራሱ ሾርባዋን ሲያጎርሳት፣ እጁን ይዛ፣ ስለ ሟቹ አማቿ ደግነት እያነሣች ታለቅስበት ነበር። ሕያው ነኝ ቢላት አላመነችውም። እንደዚያው ሳታምን ሞተች።

ሰልፉ ቀስ እያለ ተንቀሳቀሰ። ባሕሩ ዝቅ ብሎ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ኢስሜንያ ቦርሳዋን ለባሏ ሰጠችው፤ ሴጉንዶ እጃቸውን ዘርግተው ደገፏት፤ ድንጋዩ ላይ ወጣች። ያን ሁሉ ዓመት የቆመችበት ቦታ ነው፤ ወደ ግራ ዙሪ የሚላት ግን የለም። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እማዬ» አለች፣ «ኖልቤርቶን እዚያ አትፈልጊው። እዚህ ነው፤ ቦርሳዬን ይዞልኝ ቆሟል።»